አይፓድ ወይስ ሰርፌስ ፕሮ?

ሁለቱም በ2022 እ.ኤ.አ. የወጡ ታብሌቶች ናቸው፦ የአፕል አሥረኛው ትውልድ አይፓድ እና የማይክሮሶፍት ሰርፌስ ፕሮ 9 (ባለ ኢንቴል ፕሮሰሰሩ)።

ዋጋ፦ ለገበያ ሲቀርቡ አይፓዱ ከ449 ዶላር፣ ሰርፌሱ ከ999 ዶላር ይጀምሩ ነበር። የሁለቱም ቁልፍ ሰሌዳ ለብቻው ይሸጣል፤ ይህን ሳያሰሉ መግዛት ያስቆጫል።

ክብደት፦ አይፓዱ 477 ግራም፣ ሰርፌሱ 879 ግራም። ጋደም ብሎ ለሚያነብ ልዩነቱ ክንድ ላይ ይሰማል።

ሥራ፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ሰርፌሱ ሙሉ ዊንዶውስ ስላለው የሒሳብ ሠራተኛው የሚጠቀምበት የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም፣ ፒችትሪ፣ ይጫንበታል። በአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድም ፕሮግራሙ ከተጫነበት ፊደሉ ሳይበላሽ ይከፈታል። አይፓድ ላይ ፒችትሪ አይጫንም፤ ሻጭ «ሁሉንም ይሠራል» ቢላችሁ አትመኑት።

ድምፅ፦ ሰርፌሱ ሥራ ሲበዛበት ማራገቢያው ይሰማል፤ አይፓዱ ማራገቢያ የለውም።

ለሚያነብና ለሚሥል ተማሪ አይፓዱ ይበቃል፤ የቢሮ ሥራውን ይዞ ለሚዞር ግን ሰርፌሱን እመርጣለሁ።