128 ጊጋ የተጻፈበትን ርካሽ ሚሞሪ ካርድ ሳትፈትሹ ፎቶ አታንሱበት

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በእረፍት ቀናቸው ካሜራ ይዘው በወሎ ገጠርና ገበያ ለሚዞሩ ወገኖች ነው። ባለፈው ጥቅምት ደሴ ውስጥ ከአንድ ሱቅ 128 ጊጋ የሚል ሚሞሪ ካርድ ገዛሁ። ዋጋው ሌላ ቦታ ከተጠየቅሁት ከግማሽ በታች ስለነበር ደስ ብሎኝ ወጣሁ፤ ደረሰኝም አልጠየቅሁም።

እሁድ ጠዋት ሐይቅ ሄጄ ጉሙ ከውሃው ላይ ሲነሳ ሳነሳ አረፈድኩ። በማግስቱ ሰኞ ደግሞ የአፋር፣ የኦሮሞና የአማራ ገበያተኛ ወደሚገናኝበት ወደ ባቲ ገበያ ወረድኩ። እዚያ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ አንድ አዛውንት የግመላቸውን አንገት ደገፍ ብለው ቆመው አገኘኋቸውና አስፈቅጄ አነሳኋቸው። «ልጄ፣ ሰኞ ሰኞ ከዚሁ ነኝ፤ አሳጥበህ አምጣልኝ» አሉኝ፤ እኔም ቃል ገባሁላቸው።

ማታ ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ስሰካው 600 ያህል ፋይሎች ስማቸውም መጠናቸውም ሳይጎድል ተደርድረዋል። የመጀመሪያዎቹ 300 ያህሉ ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ፎቶ የግመሏን ጭንቅላት ያሳይና ከአንገቷ በታች ግራጫ ሆኖ ይቀራል፤ የተቀሩት ጨርሶ አይከፈቱም፤ የአዛውንቱም ፎቶ ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በካርዱ ውስጥ መጠኑን ለካሜራው የሚናገር ትንሽ መቆጣጠሪያ ቺፕ አለ፤ አጭበርባሪዎች የዚህን ቺፕ ፕሮግራም ቀይረው 8 ጊጋ ብቻ የሚይዘውን ካርድ 128 ነኝ እንዲል ያደርጉታል። እኔ በማነሳበት ሮው በሚባለው፣ ካሜራው የያዘውን መረጃ ሁሉ በትልቅ ፋይል በሚያስቀምጠው የፎቶ ዓይነት አንድ ፎቶ ወደ 25 ሜጋባይት ስለሚወስድ 8 ጊጋው በ300 ፎቶ ገደማ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ወይ የቀደመውን እየደመሰሰ ይጻፋል፣ ወይ እንደኔው ካርድ የትም ሳይጻፍ ይቀራል። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚመዘገበው በካርዱ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ሁሉም በቦታው ያለ ይመስላል። ፎቶው እንደተነሳ በስክሪኑ ላይ የሚታየውም ካሜራው ከራሱ ጊዜያዊ ማህደር የሚያሳየው ስለሆነ፣ ቦታው ላይ ሆናችሁ ብታዩት ደህና ይመስላል። ካርዱን ፎርማት ማድረግም (ማለትም ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ ማዘጋጀት) ሐሰቱን አያጋልጥም፤ ማሸጊያውም ከእውነተኛው አጠገብ ካላስቀመጡት በቀር አይለይም።

ስለዚህ አዲስ ካርድ ስትገዙ መጀመሪያ በሙከራ ፋይል እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ የተጻፈው ሁሉ መኖሩን መልሳችሁ አንብቡት። ለዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው፣ ለማክና ለሊኑክስ ደግሞ ኤፍ ስሪ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች ይህንኑ ይሠራሉ፤ ለትልቅ ካርድ ሰዓታት ስለሚፈጅ ማታ አስጀምራችሁት ብታድሩ ይሻላል። እውነተኛ የ128 ጊጋ ካርድ ዊንዶውስ ላይ 119 አካባቢ ቢያሳይ ግን አትደንግጡ፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው እንጂ ጉድለት አይደለም።

ካርዱን መልሼ ስወስደው ሻጩ «ካሜራህ ነው ያበላሸው» አለኝ፤ ከእርሱ ለመግዛቴ ማስረጃ ስላልነበረኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴ ለሸጠው ዕቃ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበትና፣ የካርዱ መጠን የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ ከሱቁ አትውጡ። እንዲህ ካለው ካርድ ላይ የጠፋ ፎቶ እመልሳለሁ ለሚል ሰውም ገንዘብ አትክፈሉ፤ በስህተት የተሰረዘ ፎቶ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ይኸኛው ግን ወይ በላዩ ሌላ ተጽፎበታል፣ ወይ መጀመሪያውኑ አልተጻፈም።