«ስፓይስ» የሚባለው ፓኬት፦ ውስጡ ምን አለ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ይህን የሚጨስ ዕፅ ፓኬት ሊሸጥልህ የመጣ ሰው «ከሐሺሽ የቀለለ ነው» ካለህ ዋሽቶሃል። ከአምስት ኮከብ አንድም አይገባውም።

ውጪው ያብረቀርቃል። ብዙ ጊዜ «ዕጣን ነው፣ ሰው እንዳይጠቀመው» የሚል ተጽፎበታል፤ ሻጩን ከተጠያቂነት ለማዳን ነው። ውስጡ ያለው ደረቅ ቅጠል ብቻውን ምንም አያደርግም። የሚያሰክረው እንደ አሴቶን ባለ ፈሳሽ ሟሙቶ የተረጨበት፣ የሐሺሽን ሥራ የሚመስል ሰው ሠራሽ ኬሚካል ነው። ርጭቱ እኩል ስለማይዳረስ አንዱ ቁንጥር ባዶ ሆኖ ሌላው መርዝ ይሆናል። ከአንድ ፓኬት ሁለት ጓደኛሞች አጭሰው አንዱ ደኅና ሲሆን ሌላው የሚወድቀው ለዚህ ነው። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ልክ የለውም።

የሐሺሹ አስካሪ ንጥረ ነገር ቲኤችሲ የአንጎልን ተቀባይ በከፊል ይቀሰቅሳል፤ ከእነዚህ ሰው ሠራሽ ኬሚካሎች ብዙዎቹ ግን ሙሉ በሙሉ። ልብ ይሮጣል፣ ግፊት ይወጣል፣ ትውከት፣ ቅዠት፣ መንዘፍዘፍ ይከተላል። ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ሕመም በወጣቶችም ላይ ታይቷል። ጫት ተቅሞበት ከሆነ የልብ ጫናው ይብሳል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ደግሞ ብሮዲፋኩም የተባለ የአይጥ መርዝ ተቀላቅሎበት ሰዎች ከድድና ከአፍንጫ ደም ፈሷቸዋል፣ የሞቱም አሉ። የዚህ የአይጥ መርዝ ሕክምና ቫይታሚን ኬ ነው፣ ለወራት የሚወሰድ።

ሰው ከወደቀ በጎኑ አስተኙት፣ ልብሱን አላሉ፣ መንዘፍዘፉ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሰዓት ያዙ። ወተት፣ ቡና፣ ውሃ እንዳትሰጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። አፉ ውስጥም ምንም አትክተቱ። ሰውነቱ ከጋለ በእርጥብ ጨርቅ አብርዱት። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። ኮምቦልቻ ያላችሁ «ደሴ ይሻላል» ብላችሁ እየተንዘፈዘፈ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎ ዳገት ሽቅብ አትውጡ፤ መጀመሪያ እዚያው ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም አድርሱት።

የቀረውን ፓኬት በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙም እውነቱን ንገሩት። የተለመደው የሽንት ምርመራ እነዚህን ኬሚካሎች ስለማያሳይ «ነጻ ነው» የሚል ውጤት ማስረጃ አይሆንም። ስፓይሱ ራሱ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም፤ ሐኪሙ የሚያደርገው መንዘፍዘፉን ማስቆም፣ ፈሳሽ መስጠት፣ ልብን መከታተል ነው።

ነቅቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ትውከቱ ካላቆመ፣ ጎኑን ካመመው ወይም ሽንቱ ካነሰ ኩላሊቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሳይውል ሳያድር ተመልሶ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይመርመር።