ደብረ ማርቆስ ላይ ያስጠገንነው አሮጌ ኮምፒውተር

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ አገሬ ገብቼ ደብረ ማርቆስ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ስለ ጉዞውና ስለ ማረፊያው ብዙ አልልም። ሹፌሩ የዓባይን በረሃ ተረጋግቶ ወረደልን፤ የሆቴሉ አልጋ ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውኃ የሚገኘው ግን ጠዋት ብቻ ነው። መጻፍ የፈለግሁት ስለ ኮምፒውተር ጥገናው ነው።

አስተማሪዋ እህቴ የተማሪዎቿን ውጤት የምትሠራበት አሮጌ ዴስክቶፕ አላት። ዊንዶውሱ ስለከበደው በእሱ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ቀለል ያለ ሥርዓተ ክወና እንዲጭኑልን ለአንድ ሱቅ ሰጠነው። በማግሥቱ ከፍተው አሳዩን፣ ከፍለን ወሰድን። ቤት ስንሰካው ግን ጥቁር ስክሪን ላይ «የሚነሳ ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ ብቻ! ስንመለስ «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል፣ አዲስ ግዙ» አሉን። እህቴ ክው አለች፤ ፋይሎቿ በሙሉ ያሉት እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

መናኸሪያው አካባቢ ያለች ጠባብ ሱቅ ሄድን። ልጁ ገና ሳይነካው «ቲቸር፣ ሲያሳዩሽ ፍላሽ ተሰክቶ ነበር?» አላት። ነበር። ደረሰኝ ገልብጦ ሣጥን እየሣለ አስረዳን። የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር (ትንሽ ቁራጭ) 512 ባይት ነው፤ 446ቱ የማስነሻው ኮድ፣ 64ቱ የፓርቲሽን (የዲስኩ ክፍልፋዮች) ሰንጠረዥ፣ ሁለቱ ምልክት። የድሮ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ከዲስኩ መጀመሪያ የሚያነበው ይህቺን ነው። የእኛው ባዮስ ፍላሹን አንደኛ ዲስክ አድርጎ ቆጥሮት ስለነበር፣ ጫኚዎቹ ሳያዩ ሲያልፉ ግራብ የሚባለው የሊኑክስ ማስነሻ ፍላሹ ላይ ተጻፈ። ሊኑክሱ እኛ ቤት፣ ማስነሻው እነሱ ሱቅ!

በራሱ ፍላሽ አስነሳና ዲስኮቹን ዘረዘረ። «ስሙ ይቀያየራል፣ መጠኑን ነው ማየት» እያለ 8 ጊጋውን ፍላሽ ትቶ 160 ጊጋውን ሃርድ ዲስክ መረጠ፤ ግራብንም በአንዱ ፓርቲሽን ላይ ሳይሆን በሙሉ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ጫነው። ከፋይሎቿ አንድም አልተነካም። ቀጥሎ ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለሱን አይቶ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም ባትሪ ቀየረ፤ እሷ ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ባዮሱ የማስነሻውን ቅደም ተከተል ይረሳል።

እንዲህ ያለ ሥራ የምታሠሩ ሁሉ፣ ፍላሹ ተነቅሎ ሲነሳ ሳታዩ አትክፈሉ። ይህ ልጅ ሳንጠይቀው ፍላሹን ነቀለ፣ ሶኬቱንም ነቅሎ መልሶ ሰካ፣ ሁለት ጊዜ አስነስቶ እህቴን የራሷን ፋይል አስከፈታት። ሒሳብ የተቀበለን ከዚያ በኋላ ነው።