ላተንሲሞን፦ ድምፅ ለሚቆራርጥ ላፕቶፕ

ጎንደር ውስጥ ሰርግ በላይቭ የምታስተላልፉ፣ መዝሙር የምትቀዱ፣ ቤታችሁ ትንሽ ስቱዲዮ ያላችሁ ልጆች ይቺን አንብቡልኝ። የምጽፈው ላተንሲሞን ስለሚባል፣ ላፕቶፕ ውስጥ ድምፅ የሚቆራርጠውን ነገር ስለሚፈልግ ፕሮግራም ነው። ሪስፕሌንደንስ የሚባል ድርጅት ነው የሠራው። ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ለቤት አገልግሎት ነፃ ነው፤ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በስልክ ዳታም ይወርዳል።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። አዘዞ አንድ ሰርግ ነበረኝ። ሁለት ካሜራ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ ሁለት ማይክ፣ አንድ ላፕቶፕ። የሙሽሪት አጎቶች አሜሪካ ስለሆኑ ላይቩን ቁጭ ብለው ይከታተላሉ። ጭፈራው ላይ ምንም አልሰማሁም፤ ችግሩ ኖሮም ከበሮውና እልልታው ሸፍኖት ይሆናል። ኋላ አያትየው ሊመርቁ ተነሱ። ዳሱ ጸጥ አለ። «የአብርሃም የሣራ ያድርጋችሁ» ብለው ሲጀምሩ በጆሮ ማዳመጫዬ ጠሽ፣ ጠሽ ይላል፤ ከዚያ ቃሉ መሀል ላይ ይቆረጣል። «ውለዱ ክበዱ» ካሉት ውስጥ የተረፈው «ውለዱ» ብቻ ነው። ትልቁ አጎቷ ወዲያው ደወሉ፦ «ልጄ፣ አባባን እኮ አልሰማናቸውም!» ምን ልበላቸው? ሽማግሌ እየመረቀ «አባ፣ ይድገሙልኝ» አይባልም። እስካሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ታስክ ማናጀርን ከፍቼ ሳይ ሲፒዩው፣ ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል፣ 35 በመቶ ላይ ነው። የራሙም ግማሹ ባዶ ነው። ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ጋ ስወስደው «ራም ጨምርበት» አለኝ፤ ጨመርኩ፤ ያው ነው። ሌላው ደግሞ ሽጠውና አዲስ ግዛ አለኝ። ወር ሙሉ ያገኘሁትን ሁሉ ለላፕቶፕ ላወጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 35 በመቶ የሚለው ቁጥር አማካይ ነው፤ ድምፅ ደግሞ አማካይ አያውቅም። በ48,000 ኸርዝ ስትቀዱና በፈሩን (በአንድ ጊዜ የሚዘጋጀውን የድምፅ መጠን) 256 ላይ ስታደርጉት ኮምፒውተሩ ቀጣዩን እፍኝ ድምፅ በ5.3 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ማድረስ አለበት። 128 ካደረጋችሁት ደግሞ 2.7 ብቻ ነው ያለው። የሰርግ አሳላፊ አስቡ። እንግዳው ሳህኑን ቶሎ ቶሎ ይጨርሳል፣ አሳላፊው ደግሞ ሳህኑ ባዶ ከመሆኑ በፊት መድረስ አለበት። ከቀኑ አብዛኛውን ቆሞ ቢውልም ችግር የለውም። ግን ወጥ ይዞ ሲመጣ አንድ ሰው በር ላይ ክንዱን ይዞ ወሬ ከጀመረበት አለቀ፣ ሳህኑ ባዶ ይቀራል። ያ ጠሽ የሚለው ድምፅ ባዶው ሳህን ነው። ክንድ የሚይዘው ሰውዬ ደግሞ ብዙ ጊዜ ድራይቨር ነው፤ ዊንዶውስን ከአንድ መሣሪያ ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው።

ላተንሲሞን የሚይዝላችሁ ይህን ሰውዬ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ እያንዳንዱ መሣሪያ፣ ዋይፋዩም፣ ግራፊክስ ካርዱም፣ ዩኤስቢውም፣ ሲፒዩውን «አንዴ እኔን» ብሎ ያቋርጠዋል። መጀመሪያ አይኤስአር የሚባለው አጭሩ ማቋረጥ ይመጣል፣ ከዚያ ቀሪውን ሥራ ዲፒሲ የሚባለው ይጨርሳል። እነዚህ ሲሠሩ የእናንተ የድምፅ ፕሮግራም ቆሞ ይጠብቃል። ማይክሮሶፍት ለድራይቨር ሠሪዎች የሚመክረው አይኤስአር ከ25 ማይክሮ ሰከንድ፣ ዲፒሲ ከ100 ማይክሮ ሰከንድ እንዳያልፍ ነው። አንድ ሚሊ ሰከንድ 1,000 ማይክሮ ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ምክሩን ቢሰማ 5.3 ሚሊ ሰከንድ ሰፊ ሜዳ ነበር።

ፕሮግራሙን ስትከፍቱት አረንጓዴዋን የማስጀመሪያ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ መስመሮቹ መሄድ ይጀምራሉ። ጥሩ ሲሆን አረንጓዴ ነው፣ ሲብስ ይቀላል። ከታች ማሽናችሁ ለቀጥታ ድምፅ ይሆናል ወይም አይሆንም ብሎ በቃል ይነግራችኋል። ዋናው ነገር ግን ያለው «ድራይቨርስ» የሚለው ገጽ ላይ ነው። እዚያ ገብታችሁ ረጅሙን ጊዜ በወሰደው ቅደም ተከተል አስቀምጡት። የኔ ላይ አንደኛ የወጣው ኤንዲስ ዶት ሲስ ነው፤ ወደ 4,000 ማይክሮ ሰከንድ ይይዛል። ከ5.3ቱ ውስጥ አራቱን በላው ማለት ነው!

ኤንዲስ የዊንዶውስ የራሱ የኔትወርክ ክፍል ነው። ስሙ ወጣ ማለት ጥፋተኛው እሱ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፣ ከጀርባው የዋይፋይ ካርዱ ድራይቨር ይኖራል። ይሄን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ፕሮግራሙ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታም ይሄ ነው፤ በሩን ያሳያችኋል እንጂ ማን እንደቆመበት ሁልጊዜ አይነግራችሁም። ዋይፋዩን አጥፍቼ ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቼ ኢንተርኔቱን በዚያ ስወስድ ቁጥሩ ከ300 በታች ወረደ። ጠሽታው ጠፋ። በአንድ ገመድ! ኋላ ከላፕቶፑ አምራች ገጽ አዲስ የዋይፋይ ድራይቨር ጫንኩ፣ እሱም አሻሽሎታል፤ ግን ሥራ ላይ ስሆን አሁንም ገመዱን ነው የምመርጠው።

የራሙንም ነገር ቀድሜ ባየው ኖሮ ብሬን አተርፍ ነበር። ሀርድ ፔጅፎልት የሚል ቁጥር አለው፤ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ነገር ራም ላይ አጥቶ ዲስክ ላይ ለመፈለግ ስንት ጊዜ እንደሄደ ይቆጥራል። የኔ ከዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ራም ከመግዛታችሁ በፊት እሱን እዩት።

ሌላው የኛ ከተማ ጉዳይ መብራት ነው። ላፕቶፑ ከሶኬት ወደ ባትሪ ሲዞር ዊንዶውስ ጉልበት ለመቆጠብ የሲፒዩውን ፍጥነት ያወርዳል፣ ያኔ ሁሉም ቁጥር ከፍ ይላል። ቤቴ ሆኜ ቻርጀሩን ነቅዬ ሞክሬው በዓይኔ አይቻለሁ። የኃይል አጠቃቀሙን ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ አድርጉት፣ በባትሪም ጊዜ ጭምር። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ኤሲፒአይ ዶት ሲስ የሚባለው በየጥቂት ሰከንዱ ብቅ ብሎ ይመታል፤ የባትሪውን መጠን ሊጠይቅ ነው የሚመጣው። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ባትሪውን ዲሴብል በማድረግ ይቆማል፤ ግን ያኔ ባትሪው ስንት በመቶ እንደቀረ አታዩም። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ መሣሪያ) ከሌላችሁ ይቺን አትንኳት፤ መብራት ሄዶ ሳታውቁት ሰርግ መሀል ላይ እንዳይጠፋባችሁ።

አሞካከሩ ላይ አደራ። ባዶ ዴስክቶፕ ላይ አምስት ደቂቃ አስኬዳችሁ «ደህና ነው» አትበሉ። ካሜራውን ሰኩ፣ ላይቩን ክፈቱ፣ ሳውንድ ካርዱን አስነሱ፣ እንደ ሥራ ቀን አድርጋችሁ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ተዉት። ደግሞ የሚያሳየው ከጀመረ ወዲህ ያየውን ትልቁን ቁጥር ስለሆነ፣ አንድ ፕሮግራም ስትከፍቱ አንዴ ቢዘል አትደንግጡ። የሚያሳስበው የሚደጋገም ሲሆን ነው።

ቪዲዮውን በተመለከተ ላተንሲሞን ፍሬም አይቆጥርም። ለሱ ላይቭ የምናስተላልፍበት ኦቢኤስ የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ «ቪው» የሚለው ስር «ስታትስ» አለላችሁ። እዚያ ካሉት ሦስት ቁጥር እዩ፣ ሦስቱም የተለያየ በሽታ ናቸው። ሬንደሪንግ ላግ ካለ ግራፊክስ ካርዱ ተጨናንቋል። ኢንኮዲንግ ላግ ካለ ቪዲዮውን የሚጨምቀው ክፍል አልደረሰም፣ ጥራቱን ቀንሱ ወይም ሥራውን ወደ ግራፊክስ ካርዱ አዙሩት። ድሮፕድ ፍሬም የሚለው ደግሞ ኔትወርክ ነው፣ ኮምፒውተራችሁን አትውቀሱ። በ25 ፍሬም ለአንዱ ምስል 40 ሚሊ ሰከንድ ስላለ ምስል ከድምፅ ይልቅ ታጋሽ ነው። አንድ ፍሬም ቢዘል ብዙ ሰው አያየውም፣ ጠሽታን ግን ማንም ጆሮ ይሰማል።

ጥምቀት ላይ ይሄ ልዩነት ጠቅሞኛል። ጥር 11 ጠዋት ፋሲለደስ መዋኛ አካባቢ ሆኜ ሳስተላልፍ ምስሉ ይቆም ጀመር፤ እጄ ጥራት ሊቀንስ ሄደ። ስታትሱን ሳየው ሁለቱ ላግ ዜሮ ናቸው፣ ድሮፕድ ፍሬሙ ብቻ ይወጣል። ያ ሁሉ ሕዝብ ስልኩን አውጥቷል፣ ኔትወርኩ ተጨናንቋል። የምልከውን ቢትሬት (በሰከንድ የሚሄደውን የዳታ መጠን) ብቻ አወረድኩና ላፕቶፑ ላይ የሚቀዳውን በሙሉ ጥራቱ ተውኩት። ላይቩ ደበዘዘ፤ ፋይሉ ውስጥ ግን ካህናቱ ውኃውን ሲባርኩና ሕዝቡ እልል ሲል አንድም ሳይቆረጥ ገብቷል። ማታ እቤት ገብቼ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት።