ቀን ያልታተመበት የማታ ደብተር

ማታ ማታ ውሏቸውን በጸሎት መለስ ብለው ለሚቃኙ ሰዎች የተዘጋጀ፣ 148 በ210 ሚሊ ሜትር የሆነ ደብተር ነው። ገጹ የተከፋፈለው የኢየሱሳውያን ማኅበር መሥራች የሆነው ካቶሊካዊው ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባስተማረው የኅሊና ምርመራ ቅደም ተከተል ነው፦ ምስጋና፣ ብርሃን መለመን፣ ውሎን መመርመር፣ ይቅርታ፣ የነገ ውሳኔ።

ትልቁ ብልጫው ቀን አለመታተሙ ነው። ቀን የታተመበት ደብተር ሦስት ምሽት ከተዘለለ ባዶዎቹ ገጾች ይወቅሳሉ፤ ብዙ ሰው የሚተወውም እዚያ ላይ ነው።

ለውሎው የተሰጠው ዘጠኝ መስመር ግን ይበዛል። እጅ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ወደ ሐተታ ይሄዳል፤ «ዛሬ ትዕግሥት አነሰኝ» ይባልና የሚጨበጥ ነገር ይጠፋል። የሚጠቅመው እንዲህ ያለው ነው፦ «ሳህን ሳጥብ ልጄ ጠራችኝ፤ ዞር ብዬ እንኳ ሳላያት መለስኩላት።» አንድ ቅጽበት፣ አንድ ድርጊት፣ ሁለት መስመር። ለምስጋናው ሁለት መስመር ብቻ መተዉ ደግሞ ያሳዝናል፤ እሱ በጥድፊያ ከታለፈ ቀሪው ራስን መክሰስ ብቻ ይሆናል።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 80 ግራም ነው፤ ተራ እስክሪብቶ ይችላል፣ የቀለም ብዕር ግን ወደ ጀርባ ያልፋል። ጥራዙ በክር ስለተሰፋ ጠፍጣፋ ሆኖ ይዘረጋል። ለአንድ ምሽት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ አልጋ ላይ ከተጀመረ እንቅልፍ ይቀድማል፣ ወንበር ላይ ይሁን።