አሮጌዋ ሞተሬ ትቆይልኝ፣ አዲሱ ይቆየኝ

ለሽያጭ ያወጣኋትን ሞተር ሳይክል ከገበያ መልሻታለሁ። ገዢ አጥታ አይደለም፤ ደዋይ ነበራት። ምክንያቱ መርፌ እንኳ በግድ የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ ናት።

ይህችን ሞተር ከያዝኳት ወራት አልፈዋል። ስገዛት ያገለገለች ናት። አንድ ሲሊንደር አላት፣ በአየር ትቀዘቅዛለች፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅልላት ካርቡሬተር ነው። በቁልፍም በእግርም ትነሳለች። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው የፍሬን ሥርዓት፣ ኤቢኤስ፣ የላትም፤ ስክሪን የሚባል ነገር አታውቅም። ነዳጇን ለማወቅ ክዳን ከፍቶ ነቅነቅ ማድረግ ነው። ስለ ዕለት ተዕለት አገልግሎቷ ብዙ የምለው የለኝም። ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ነዳጅ አትበላም። ልጽፍ የተነሳሁት ልታሸጠኝ ስለደረሰችው ስለዚያች በሽታ ነው።

ጠዋት በመጀመሪያው ርግጫ ትነሳለች። ድምጿ ጥርት ያለ ነው። ዳገቱን ያለ ሐሜት ትወጣለች። መንገዱ ረዘም ሲል ግን ጉልበት እያጣች ትሄዳለች። ጋዝ ስሰጣት ትለግማለች። ታቆራርጣለች። ቀጥሎ ድርግም! ከኋላዬ ጥሩምባ እየተነፋብኝ እየገፋሁ ዳር አወጣታለሁ። ሄልሜቴን አውልቄ፣ ላቤን ጠርጌ፣ ትንሽ ቆይቼ ስረግጣት ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። ጥቂት ትወስደኝና እንደገና ያው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደው መካኒክ ፊት ስትቆም ጤነኛ መሆኗ ነው። ስትነሳ ያያታል፣ ጋዝ ይሰጣታል፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በሽተኛው አንተ ነህ በሚል ዓይን ያየኛል።

የምርመራው ብዛት ደግሞ ለጉድ ነው። አንዱ ብልጭታ የምትሰጠው ካንዴላ ናት አለ፤ ተቀየረ። ሌላው ካርቡሬተሩ ቆሽሿል አለ፤ ተፈታ፣ ታጠበ፣ ቀዳዳዎቹ በአየር ተነፉ። ሦስተኛው ኮይሉ ሲሞቅ ይሞታል አለ። እውነት ለመናገር ይሄ ግምት የሚናቅ አልነበረም። የማቀጣጠያ ኮይል ውስጡ ሲጎዳ ልክ እንዲህ ያደርጋል። ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፣ ሲግል ብልጭታው ይጠፋል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ኮይሉም ተቀየረ። በሽታዋ ግን ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ፍርዱ መጣ፦ «ወንድሜ፣ ይቺ ሞተሯ መውረድ አለበት። ካልሆነ ሽጣትና ተገላገል።»

አንድ ግራ የሚያጋባ ምልክት ነበራት። ታንከሯን ሙሉ ስሞላላት ቶሎ ትጠፋለች። ነዳጇ ወደ ታች ሲል ራቅ አድርጋ ትወስደኛለች። ይህን የሰማ ሁሉ «ነዳጁ ተበርዟል» ይላል። ምስኪን ነዳጅ፣ ያልሠራው ኃጢአት የለም።

ነገሩ የታወቀው መንገድ ዳር ነው። እንደ ልማዷ ድርግም አለችብኝ። እስቲ ነዳጅ አልቆ እንደሆነ ልይ ብዬ ክዳኑን ስከፍት «ፍስስስ» አለ። የሚወጣ አየር አልነበረም፤ ወደ ውስጥ የሚገባ ነበር። ሳልጠብቅ፣ እንደጋለች ረገጥኳት። ተነሳች።

እንዲህ ነው ነገሩ። በእንደዚህ ዓይነት ሞተር ላይ የነዳጅ ፓምፕ የለም። ነዳጁ በራሱ ክብደት ከታንከሩ ወደ ካርቡሬተሩ ይወርዳል። የወረደውን ያህል ቦታ አየር ሊተካ ይገባል፤ ለዚህ ክዳኑ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳዋ ከተደፈነች ታንከሩ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ይሄድና ነዳጁን አልለቅም ብሎ ይይዘዋል። ጠርሙስ ደፍቶ ሲቀዳ የሚታየው ዓይነት ትንቅንቅ ማለት ነው። ካርቡሬተሩ ያለችውን ነዳጅ ጨርሶ ይደርቃል፣ ሞተሯም ትጠፋለች። ቆም ሲሉ በሆነ ስንጥቅ ትንሽ አየር ሾልኮ ይገባል፣ ነዳጅ ይወርዳል፣ ትነሳለች። ሙሉ ታንከር ላይ ቶሎ የምትጠፋውም ለዚሁ ነው። ከነዳጁ በላይ ያለው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ነዳጅ ሲወርድ ወዲያው ይሳሳል። ያ ሁሉ «ነዳጁ ነው» የተባለለት ምሥጢር ይሄው ነው።

ክዳኑን ገልብጬ ፈታሁት። ከጎማው ሥር አቧራ፣ ዝገትና የእጥበት ውሃ ተጋግረው ቡናማ ቅርፊት ሠርተዋል። ከአሮጌ የፍሪሲዮን ካቦ አንዲት የሽቦ ክር መዝዤ ቀስ እያልኩ አሾለክኋት። ቅርፊቱ እንደ ዱቄት ተራገፈ። በሌላኛው በኩል አፌን ገጥሜ ስነፋ አየሩ ሲያልፍ ከንፈሬ ላይ ተሰማኝ። ይኸው ነው ጥገናው። ካንዴላው፣ ኮይሉ፣ ይውረድ የተባለው ሞተር ሁሉ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ከዚያን ቀን ወዲህ ድርግም ያለችብኝ ቀን የለም።

የእናንተም ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ኮይል ከመግዛታችሁ በፊት ክዳን ክፈቱ። አየር ሲስብ ተሰምቶ ወዲያው ከተነሳ መተንፈሻው ነው። ካልተነሳ ካንዴላውን ነቅላችሁ ብልጭታ ፈልጉ።

አሁን አዲስ ሞተር ሊሸጥልኝ ከሞከረው ሻጭ ጋር እንነጋገር። መቼም እዚህ ላይ ዝም እንደማይለኝ አውቃለሁ።

«አዲሱ ኢንጀክሽን ነው፣ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም» ይለኛል፤ ነዳጁን በካርቡሬተር ሳይሆን በኮምፒውተር መጥኖ የሚረጭ ነው ማለቱ ነው። ጌታዬ፣ የአዲሱም ታንከር መተንፈስ አለበት። ልዩነቱ እሱ በፓምፕ ስለሚስብ ይታገላል፤ እኔ ሽቦ ይዤ የማስተካክለውን እሱ ኮምፒውተር ይዞ ይፈልገዋል። ኢንጀክሽን መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ራሱ ነዳጁን ይቀንሳል፤ የእኔዋ እዚያ ነዳጅ በዝቶባት ታፍናለች። ለረጅም ጊዜ ስትቆምም ካርቡሬተሯ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ተንኖ ሙጫ ይሆንና ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ይሄን ሁሉ አምናለሁ። ግን ባትሪው የሞተ ኢንጀክሽን ሞተር ፓምፑም ኮምፒውተሩም ያለ ኤሌክትሪክ ስለማይሠሩ ምን ብትገፋው ብዙ ጊዜ አይሰማህም። የእኔዋ ባትሪዋ ደክሞ ባለበት ጠዋት በእግር ተነስታልኛለች።

«በእግር ማስነሳት ድሮ ቀረ» ካለኝ ደግሞ፣ ያማሃ ኤስአር 400 እ.ኤ.አ. በ1978 ወጥቶ እስከ 2021 ድረስ በእግር ብቻ እየተነሳ ሲሸጥ እንደነበር እነግረዋለሁ። በኋለኞቹ ዓመታት ኢንጀክሽን ሲገጠምለት እንኳ ርግጫው አልቀረም። የሆንዳ ሱፐር ከብም እ.ኤ.አ. በ1958 ተጀምሮ በ2017 ከ100 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ቀላል ሆኖ ስለቆየ ይመስለኛል።

«ዋስትና አለው» ይላል ቀጥሎ። አለው። ግን የመጀመሪያው ሰርቪስ አብዛኛውን ጊዜ በ1,000 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያም በየጊዜው እነሱ ዘንድ መግባት ግዴታ ነው። ደግሞ ዋስትናው ጎማን፣ ካቴናን፣ የፍሬን ሸራን አይሸፍንም። እነዚህ በአዲስም በአሮጌም ላይ ያልቃሉ። አሮጌ ስትገዙ ኪሎ ሜትሩን ከምታምኑ የጎማውን ጎን አንብቡ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ሰውዬው «ጎማው አዲስ ነው» ሲላችሁ ፈገግ ብላችሁ ጎንበስ ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ላይ ግን ሻጩ ያሸንፈኛል፤ ኤቢኤስ። ይሄን በቀልድ አላልፈውም። እርጥብ አስፋልት ላይ ደንግጦ የፊት ፍሬን የጨበጠ ሰው ጎማው ሲቆለፍ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ለማሰብ ጊዜ የለም፣ መሬት ላይ ነህ። ኤቢኤስ ጎማው ሊቆለፍ ሲል ፍሬኑን በጣም በፍጥነት ለቀቅና ያዝ እያደረገ መሪው እንዲታዘዝ ያቆየዋል። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1988 ኬ100 በተባለው ሞተር ሳይክሉ ላይ ገጥሞታል። አውሮፓ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አስገድዳለች፤ ሕንድም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተከትላለች። የእኔዋ ላይ እንግጠምልህ ቢሉኝ አይሆንም፤ ዳሳሹም፣ የግፊት ማስተካከያውም፣ ኮምፒውተሩም አብረው ተነድፈው የሚወጡ ናቸው። ያደረግኩት የፍሬን ዘይቷን መቀየር፣ ዘይቱ የሚያልፍበትን የላላ የፍሬን ቱቦ በአዲስ መተካት፣ ጥሩ ጎማ ማድረግ ነው። የፍሬን ማንሻዋ አሁን ደንደን ብላ ትይዛለች፣ ቁጥጥሩም ከበፊቱ የተሻለ ነው። ኤቢኤስ ግን አይደለም። ዝናብ ሲጥል ቀስ ብዬ ነው የምነዳት፤ ሥራዬ በየቀኑ በዝናብ የሚያስነዳኝ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ግምገማ ነበር።

ስለ ጭስ ጠይቃችሁኝ ከሆነ፣ ጭስ የላትም። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ጋዝ ሲለቀቅ ከመጣ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒዎቹን፣ ጋዝ ሲሰጥ ከመጣ የፒስተን ቀለበቶቹን ነው የሚያስጠረጥረው። እሱ ቀን ሲመጣ እንነጋገራለን። ሻሲ ላይ ስንጥቅ ካየሁ ግን ድርድር የለም፤ በዚያው ቀን ትሰናበታለች። የመለዋወጫ ነገርም አለ። የሞተር አካል የሚሸጥላት እስካለ ድረስ አብረን ነን፤ ክላች ሰሌዳ በፍለጋ የሚገኝበት ደረጃ ከደረሰች ግን ፍቅር ብቻውን አያስኬድም።

አዲሱን ሞተር ነድቼዋለሁ፣ ቆንጆ ነው። ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ስክሪኑ ላይ የማርሽ ቁጥር የሚያሳይ። ሻጩ ቁልፉን እጄ ላይ አድርጎ ፈገግ ሲል ልቤ ትንሽ ደንገጥ ብሎ ነበር። ያኔ የእኔዋ በየመንገዱ እየጠፋች ስለነበር «እወስደዋለሁ» ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዛሬ ያው ሰው ቢደውልልኝ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ ክዳኑ እንዴት ነው የሚፈታው?