በኤፔክስ ሌጀንድስ ኤይም አሲስት ላይ ያለኝ አስተያየት

ኤፔክስ የሚባለውን የተኩስ ጌም በኮንሶል የምትጫወቱ ከሆነ "ኤይም አሲስት ማጭበርበር ነው" የሚል ሰው ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ኤይም አሲስት ማለት በኮንትሮለር ስንጫወት ጌሙ ራሱ ለማነጣጠር የሚሰጠን እገዛ ነው። እኔ ማጭበርበር ነው በሚለው አልስማማም። ማውስ የያዘ ሰው የሚያነጣጥረው በሙሉ ክንዱ ነው። እኛ ያለን አንድ አውራ ጣት ነው፣ እሱም ትንሽዬ ስቲክ ላይ።

የኤይም አሲስት ሥራው ሁለት ነው። ማነጣጠሪያው ጠላት ላይ ሲደርስ እንዳያልፈው ፍጥነቱን ይቀንስለታል። ጠላት ሲሮጥ ደግሞ ካሜራውን በጥቂቱ አብሮት ያዞራል፣ ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳውም ከዚህኛው ነው። ቅርብ ለቅርብ ስትታኮሱ ጠላት ድንገት አቅጣጫ ቢቀይር የሰው ዓይን አይቶ፣ እጅም ተከትሎ እስኪንቀሳቀስ ጊዜ ይወስዳል፤ ጌሙ ግን ወዲያው ይከተላል። እዚህ ላይ የማውስ ተጫዋቾች እውነት አላቸው። የእገዛው ጥንካሬ ለረጅም ጊዜ ኮንሶል ላይ 0.6፣ ፒሲ ላይ በኮንትሮለር ለሚጫወቱ ደግሞ ዝቅ ብሎ 0.4 ሆኖ መቆየቱም ፍትሐዊ ነበር እላለሁ።

በሩቅ ተኩስ ግን ብዙ አትመኩበት። እዚያ የሚያዋጣው የራሳችሁ እጅ ነው።

የምወደው ነገር፣ ዝም ብሎ ለቆመ ሰው አለመሥራቱ ነው። እጃችሁ ስቲኩ ላይ መንቀሳቀስ አለበት፤ ወደ ጎን እየተራመዳችሁ ስትተኩሱ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል። ሴቲንግ ለምትጠይቁኝ፦ 4-3 (የካሜራው ፍጥነት በተለመደው እይታ 4፣ በመሣሪያው ማነጣጠሪያ ስታዩ 3) እና ሊኒየር (ካሜራው ስቲኩን በገፋችሁት ልክ የሚዞርበት)። መጀመሪያ ላይ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ታገሱት፣ አንዴ ከለመዳችሁት ወደ ድሮው መመለስ አይታሰብም።